ሲቲ ወይስ ኤምአርአይ? ሐዋሳ ላላችሁ የፓርኪንሰን አስታማሚዎች

«አባቴ ፓርኪንሰን አለበት፣ አሁን ደግሞ መርሳት ጀምሯል፤ ሲቲ ይነሣ ወይስ ኤምአርአይ?» ጥያቄው ስለበዛ መልሱን ላስቀድም፦ ኤምአርአይ። እሱም 1.5 ቴስላ (የማሽኑ ማግኔት ጥንካሬ መለኪያ)፣ ያለ ኮንትራስት (በደም ሥር የሚሰጥ ማጉያ ፈሳሽ)፣ ከነሲዲው።

ሲቲ ይረክሳል ተብሎ ነው የሚገባበት። ደም መፍሰስን፣ ትልቅ ዕጢን፣ ውኃ መቋጠርን ያሳያል፤ ፓርኪንሰን የሚጎዳውን ቦታ ግን አያሳይም። «ኖርማል» የሚል ወረቀት ይዛችሁ ስትመለሱ ሐኪሙ ኤምአርአይ ያዛል፤ ያኔ ርካሹ ከውዱ ላይ ተደመረ ማለት ነው። ሲቲ የሚያዋጣው ታማሚው ወድቀው ከነበረና ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ድንገት ግራ መጋባት ወይም ድብታ ከመጣባቸው ነው። በራስ ቅልና በአንጎል መካከል የተጠራቀመ ደም በደቂቃዎች ውስጥ ይታያል። ፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ) ወይም ሰውነታቸው ውስጥ የቀረ የጥይት ፍንጣሪ ካለ ደግሞ ሳይጣራ ኤምአርአይ ክፍል መግባት አይቻልም።

ኤምአርአይም ቢሆን «ፓርኪንሰን ነው» ብሎ አይፈርድም። በሽታው የሚታወቀው በሐኪም ምርመራ ነው፦ የእንቅስቃሴ መንቀርፈፍ፣ ከሱ ጋር እጅ ወይም እግር ሲያርፍ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ወይም የጡንቻ መገተር። ኤምአርአይ የሚነሣው ሌላውን ለመለየት ነው። መካከለኛው አንጎል ሟሽሾ ከጎን ሲታይ የወፍ ጭንቅላት ከመሰለ፣ ለሌቮዶፓ (ለዋናው የፓርኪንሰን መድኃኒት) እምብዛም የማይመለስ ፒኤስፒ የሚባል ሌላ በሽታ ይጠረጠራል። የሂፖካምፐስ (የአንጎል የማስታወስ ክፍል) መሟሸሽና የትናንሽ ደም ሥሮች ጉዳትም የመርሳቱን ምክንያት ይጠቁማሉ።

ዋጋው ወረድ ያለ ቦታ ስታገኙ መጀመሪያ «ስንት ቴስላ ነው?» በሉ። ከ0.2 እስከ 0.4 ቴስላ የሆነው ክፍት ማሽን ጠባብ ቦታ ለሚፈራ ይመቻል፤ ምስሉ ግን ሻካራ ነው። ማዘዣው ላይ «ራስ ምታት» ብቻ ከተጻፈ ደግሞ በየትኛውም ማሽን ቢሆን የተለመደው 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ስላይስ (የምስል ቁራጭ) ተነሥቶ ያልቃል። ሐኪሙ «ፓርኪንሰኒዝም ከመርሳት ጋር፣ 3ዲ ቲ1 በ1 ሚሊሜትር፣ ኤስደብሊውአይ» ብለው እንዲጽፉ ጠይቁ፤ የመጀመሪያው በቀጭን ስላይስ የሚነሣ ዝርዝር ምስል፣ ሁለተኛው ጥቃቅን የደም መፍሰስን የሚያሳይ ነው። ዕጢ ወይም ኢንፌክሽን ካልተጠረጠረ ኮንትራስት አያስፈልግም፤ ክፍያውን አስቀሩት።

ገንዘብ የሚበላው መንቀጥቀጥ ነው። ማሽኑ ውስጥ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ይተኛሉ፤ ጭንቅላት ትንሽ ከተነቃነቀ ምስሉ ይደበዝዛል። ቀጠሮውን ሌቮዶፓው ከተዋጠ 1 ሰዓት ገደማ በኋላ አድርጉት። ተራ ሲጠበቅ ሰዓቱ ስለሚያልፍ ቀጣዩ ክኒን ኪስ ውስጥ ይሁን። ክኒኑን ከአሞራ ገደል አሳ ጋር አትስጡ፤ ፕሮቲን አንጀት ላይ ይሻማዋል፣ ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ይዋጥ። ጭንቅላታቸው ግራና ቀኝ በስፖንጅ እንዲደገፍ ጠይቁ። «ምስሉ ከተበላሸ መድገሚያ ይከፈላል?» የሚለውን ገንዘቡን ሳትቆጥሩ ተነጋገሩ፤ ሪፖርቱና ሲዲው ዋጋው ውስጥ መኖራቸውንም።

ሲዲው ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ፊልሙን መስኮት ላይ ለጥፎ በስልክ አንሥቶ በቴሌግራም መላክ ለሐኪም ምንም አይሠራም፤ ሊለካውም ብርሃኑን ሊያስተካክለውም አይችልም። ከመውጣታችሁ በፊት እዚያው ኮምፒውተር ላይ አስከፍታችሁ እዩት፦ ፋይሉ ዳይኮም (ሐኪም የሚለካበት የሕክምና ምስል ዓይነት) መሆን አለበት፣ 3ዲ ቲ1 ብቻውን ከ150 በላይ ምስል ይኖረዋል። 20 ጄፔግ (ተራ ፎቶ) ብቻ ካለ አትቀበሉ። ደህና ሲዲ ካለ አዲስ አበባ የሚሄደው ሲዲው ነው፤ ሕመምተኛ ይዞ 275 ኪሎ ሜትር ሄዶ መመለስ፣ ከነአዳሩና ከነምግቡ፣ ከምርመራው ዋጋ ጋር የሚደመር ወጪ ነው።

ውጭ አገር ዘመድ ያላቸው ዳትስካን (ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በመርፌ ተሰጥቶ የሚነሣ የአንጎል ምርመራ) ይላሉ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2011 የፈቀደችው ምርመራ ነው፤ ፓርኪንሰንን ከመድኃኒት ከመጣ መንቀጥቀጥ ለመለየት ይረዳል፣ ከፒኤስፒ ግን አይለይም። ለመርሳቱ ብላችሁ አትድከሙለት።

የትኛውም ምርመራ ሳይከፈል በፊት ግን የሚውጡትን ክኒን ሁሉ በፌስታል ሰብስባችሁ ለሐኪሙ አሳዩ። ለመንቀጥቀጥ የሚሰጠው አርቴን በአረጋውያን ላይ ራሱ መርሳትና መቃዠት ያመጣል፤ ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ፕላሲል ደግሞ መገተሩን ያባብሰዋል። የቢ12 እና የታይሮይድ የደም ምርመራም ከኤምአርአይ ይቅደም። አርቴኑን ግን በራሳችሁ አታቋርጡት፤ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ነው የሚቀንሱት።