ብረት አስጨብጠው «ቫይታሚን ዲ አንሶሻል» የሚሉትን ተጠንቀቁ (አዳማ ያላችሁ በተለይ)

4,800 ብር ተበላሁ። ብሩስ ይሁን፣ ሦስት ወር ጤናዬንም ነው የበሉኝ። የታይሮይድ መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች እባካችሁ አንብቡት።

የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ አለብኝ። ሌቮታይሮክሲን 75 ማይክሮግራም በየቀኑ ጠዋት በባዶ ሆድ እውጣለሁ። ሦስት ዓመት ሆነኝ። ቲኤስኤቼም (የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ከፍ የሚለው የደም ምርመራ ቁጥር) 2 ነጥብ ምናምን ላይ ረግቶ ነበር። አልፎ አልፎ ግን ድካም ድካም ይለኛል፤ የአዳማ ሙቀት ነው እያልኩ አልፈዋለሁ።

ፍራንኮ አካባቢ አንድ ቢሮ «ነፃ የጤና ምርመራ» የሚል ባነር ሰቅሏል። ነፃ ሲባል እግሬ ራሱ ይዞኝ ገባ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ልጅ ከላፕቶፕ ጋር በሽቦ የተያያዘች ብረት አስጨበጠኝ። «ጥብቅ አድርገሽ ያዢ እህቴ፣ አታውሪ» አለኝ። አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው። ከዚያ ፕሪንተሩ ወረቀቱን ይተፋው ጀመር፤ ጉበት፣ ኩላሊት፣ አጥንት፣ ታይሮይድ፣ ቫይታሚን ዲ። ቫይታሚን ዲው ላይ ቀይ ምልክት። «የድካምሽ ምንጭ ይኸውልሽ። ታይሮይድሽም የተበላሸው በዚህ ነው።»

አንዲት ጠብታ ደም አልተቀዳችም። ቫይታሚን ዲ ደግሞ የሚታወቀው በደም ምርመራ ብቻ ነው። ያኔ መንቃት ነበረብኝ፤ አልነቃሁም። ታይሮይድ ያለበት ሰው ላይ የቫይታሚን ዲ ማነስ በብዛት እንደሚታይ የሆነ ቦታ ሰምቼ ነበር። ይሄ እውነት ነው። ልጁም የያዘኝ በዚህችው እውነት ነው።

የሦስት ወር «ፓኬጅ» ሸጠልኝ፣ ሦስት ብልቃጥ። የታይሮይድ ኪኒን እንደምወስድ ነገርኩት። «በጣም ጥሩ! ጠዋት አንድ ላይ ዋጫቸው። ቀስ እያልሽ ያኛውን ታቆሚዋለሽ» አለኝ። ማቆሙን እንኳ አልሰማሁትም፣ ተመስገን። አንድ ላይ መዋጡን ግን በደንብ አድርጌ ፈጸምኩት።

ሁለት ወር ሳይሞላ ፀጉሬ ማበጠሪያው ላይ ይቀር ጀመር። ቆዳዬ ደረቀ፣ ሆዴ ደረቀ። ግንቦት ላይ፣ አዳማ ውስጥ፣ ሰው ማራገቢያ ከፍቶ ሲተኛ እኔ ሹራብ ለብሼ እተኛለሁ። ወንድሜ ሳቀብኝ። ልጁ ጋ ስደውል «መርዙ እየወጣ ነው» ብሎ የፀጉር ቫይታሚን እንድጨምር ነገረኝ፣ 1,900 ብር። እሱን አልገዛሁም፤ ደሞዝ አልደረሰም ነበር።

በሦስተኛው ወር ስመረመር ቲኤስኤች 11.4። ዶክተሩ «ኪኒኑን ታቋርጫለሽ እንዴ?» አለኝ። አንድም ቀን። «ሌላ የምትወስጂው አለ?» ብልቃጡን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። ወደ ጀርባው አገላበጠና ደቃቃውን ጽሑፍ በጣቱ አሳየኝ። ፊት ለፊቱ በትልቁ «ዲ3» ይላል። ጀርባው ላይ፦ ካልሲየም ካርቦኔት 1,250 ሚሊግራም፣ ቫይታሚን ዲ3 400 አይዩ (የቫይታሚን መለኪያ ነው)።

ለካ ሦስት ወር ስውጥ የከረምኩት በዋናነት ካልሲየም ነው። ካልሲየም ሆድ ውስጥ ሌቮታይሮክሲኑን ይይዘውና ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል። ስለዚህ በመካከላቸው ቢያንስ አራት ሰዓት ያስፈልጋል። የደም ማነስ ኪኒንም (አይረኑ) እንደዚያው ነው። ቡናም ቢሆን ከኪኒኑ በኋላ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት መቆየት አለበት። እናቴ ጠዋት ቡና አፍልታ ስትጠብቀኝ ይሄን ማስረዳት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

ደግሞ የሚገርመው፣ በእርግጥ ዲ አንሶኝ ቢሆን ኖሮስ? 400 አይዩ ጤነኛ አዋቂ በቀን እንዲያገኝ ከሚመከረው 600 እንኳ ያንሳል። ተመሳሳይ ነገር መድኃኒት ቤት ስጠይቅ አንዱ ብልቃጥ 600 ብር አይሞላም።

የፀጉሩን ቫይታሚን ስነግረው ዶክተሩ ራሱን ነቀነቀ። የፀጉር ቫይታሚኖች ብዙውን ጊዜ ባዮቲን የሚባል የቢ ቫይታሚን ዓይነት አለባቸው። ባዮቲን በአንዳንድ የላብራቶሪ ማሽኖች ቲኤስኤችን ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ያወጣዋል። ገዝቼው ቢሆን ውጤቴ ደህና መስሎ እኔ ሹራቤን ለብሼ እቀር ነበር። የምትወስዱ ካላችሁ ከምርመራው ቢያንስ ሁለት ቀን በፊት አቁሙት፤ ለሐኪማችሁም ንገሩ።

የመድኃኒቴ መጠን አልተጨመረም። ብልቃጡን አቆምኩ፣ ከስምንት ሳምንት በኋላ ደሜ ታየ፣ 2.8 ገባ።

ብሬን ልቀበል ሄጄ ነበር። «የተከፈተ ዕቃ አይመለስም» አሉኝ። ደረሰኝ አልሰጡኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም፤ ይሄ የራሴ ጥፋት ነው። ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 ደውዬ አመልክቻለሁ፣ መስመሩ ነፃ ነው። እዚያ ቢሮ የገዛችሁና ደረሰኝ ያላችሁ ካላችሁ እናንተም ደውሉ። ባለፈው ሳምንት በባጃጅ ሳልፍ ባነሩ እንደተሰቀለ ነው። ከሥሩ «የስኳርም» የሚል ጨምረውበታል።