ኤዴል ወይስ ቦርተን? የእንግሊዝን ገጠር በእግር

ኤዴል በፒክ ዲስትሪክት፣ ቦርተን (ቦርተን-ኦን-ዘ-ዋተር) ደግሞ በኮትስዎልድስ ያሉ የእንግሊዝ መንደሮች ናቸው። ከለንደን ለሚነሳ ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ግን ለየቅል።

ጉዞ፦ ኤዴል የራሷ ባቡር ጣቢያ አላት፤ ሼፊልድ ላይ መቀየር ነው። ለቦርተን እስከ ሞርተን-ኢን-ማርሽ በባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ። አውቶቡሱ ካመለጠ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው።

እግር፦ ከቦርተን እስከ ጎረቤት መንደር ሎወር ስሎተር 2 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ሜዳ ለሜዳ። ኤዴል ግን ዳገት ነው። ከመንደሯ በላይ ያለው የኪንደር ስካውት ተራራ ከፍታ 636 ሜትር ብቻ ስለሆነ እንጦጦን ለለመደ ሰው ቀልድ ይመስላል። የሚፈትነው ሌላ ነው፦ ጫማ የሚውጥ ጥቁር ጭቃ፣ ድንገት የሚወርድ ጭጋግ። ካርታና የዝናብ ልብስ የግድ ነው።

ግርግር፦ ቦርተን በሐምሌና ነሐሴ ሰው በሰው ነው። ማልደው ይግቡ።

ከልጆች ወይም ከእማማ ጋር ከሆነ ቦርተን። ከጓደኛ ጋር ላብ ማውጣት ካማረዎት ኤዴል፤ በታኅሣሥ ግን ቶሎ ስለሚጨልም ተራራውን ይተዉት።