ለምለምና ዚንክ፦ ድሬ ውስጥ ልጅ ያለው ቤት ሁሉ ሊኖረው የሚገባ

ልጃችንን ማስመለስና ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ሲይዘው ለምለምን (በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣውን የጨውና የግሉኮስ ዱቄት፣ ORS) ከዚንክ ጋር ሳቢያን አካባቢ ካለ አንድ ፋርማሲ ነው የገዛነው። ፋርማሲስቷ ምንም ነገር ከማውጣቷ በፊት ደም አለው ወይ፣ ያተኩሰዋል ወይ፣ ሽንት ሸንቷል ወይ ብላ ጠየቀችንና ለምለምና ዚንክ ብቻ ሰጥታ ሸኘችን፣ እንደሷ አይነቱን ያብዛልን። ከዛ በፊት የገባንበት ሌላ ቦታ ግን ልጁን ሳያዩት "አሜባ ነው" ብለው ሜትሮኒዳዞል ሽሮፕ ሊሸጡልን ነበር። ይሄ ነገር በጣም ያናድደኛል ምክንያቱም የህፃናት ተቅማጥ ብዙ ጊዜ ከቫይረስ ነው የሚመጣው፣ ሮታ ቫይረስ ምግብና ውሃ የሚመጠውን የትንሹን አንጀት ሽፋን ይጎዳል፣ ለሱ ደሞ ሜትሮኒዳዞልም ሆነ ሌላ አንቲባዮቲክ ምንም አያደርግም። (የሮታ ክትባት ከ2006 ጀምሮ አገራችን ውስጥ ይሰጣል፣ ጨቅላ ያላችሁ ቀጠሮውን እንዳታሳልፉ።)

ደም ከቀላቀለ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሺጌላ የሚባለው ባክቴሪያ የትልቁን አንጀት ግድግዳ ገብቶ ያቆስለዋል፣ እዛ ላይ አንቲባዮቲክ ያስፈልጋል፣ እሱን ደሞ ሀኪም ነው የሚያዘው። አተት እያልን የምንጠራው ኮሌራ ደግሞ አያቆስልም፣ መርዙ አንጀቱ ጨውና ውሃ ዝም ብሎ እንዲያፈስ ያደርገዋል፣ የሩዝ እጣቢ የመሰለ ነው የሚወጣው፣ ካልታከመ ትልቁንም ሰው በሰአታት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

ለምለምን የምወደው ለዚህ ነው። አንጀታችን ላይ ግሉኮስና ጨውን አብሮ የሚያስገባ መንገድ አለ፣ ኮሌራ እንኳን እሱን አይዘጋውም፣ ሁለቱ ሲገቡ ውሃው ተከትሎ ይገባል። ስለዚህ እንዲጣፍጥ ብላችሁ ስኳር አትጨምሩበት፣ ስኳሩ ሲበዛ ውሃውን መልሶ ወደ አንጀት ይስበዋል ተቅማጡም ይብሳል።

አበጣበጡ ቀላል ነው፣ 1 ፓኬት ለ1 ሊትር፣ እኛ በባለ አንድ ሊትሩ ሃይላንድ ነው የምንለካው፣ ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፣ 24 ሰአት ካለፈው ይደፋል። ጣእሙ ጨው ጨው ስለሚል ልጅ መጀመሪያ እምቢ ይላል፣ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ስጡት፣ ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ እንደገና፣ ጡቱም አይቋረጥ። ዚንኩን ከ6 ወር በላይ ላለው በቀን 20 ሚሊግራም፣ ከዛ በታች ላለው ግማሹን፣ ተቅማጡ ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀን መጨረስ አለበት።

ብዙ ሰው "ለምለም ሞከርኩት አልሰራም" የሚለው ተቅማጡ ስላልቆመለት ነው፣ ግን ስራው ማቆም አይደለም፣ የወጣውን መተካት ነው። የኛም ልጅ በነጋታው ተቅማጡ ነበረበት ግን ሽንቱን ሸንቷል፣ ሲያለቅስ እንባ አለው፣ ጨዋታም ጀምሯል፣ እኔ የምለካው በዚህ ነው፣ ለምለምን ከ5 5 ሰጥቼዋለሁ።

አይኑ ከጎደጎደ፣ ከፈዘዘ፣ መጠጣት ካቃተው ወይ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ ግን ቤት አትጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ጠርታችሁ ድል ጮራ ሆስፒታል ውሰዱት፣ መንገድ ላይም መቀበል ከቻለ በማንኪያ እየሰጣችሁት።