ጦር ኃይሎች አካባቢ ያለው ታፔላ የሌለው ጋራዥ

መኪናዬን የወሰድኳት የቼክ ኢንጂን መብራት በርቶ፣ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጣት ሞተሯ ሲሠራ) እየተንቀጠቀጠች ነው። ኮሮላ ናት። ራይድ ስለምሠራባት እሷ ቆመች ማለት ገቢዬ ቆመ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ያሳየሁት ሌላ ጋራዥ ገና ኮፈኑን ሳይከፍት «አራቱንም ኮይል ቀይር» ብሎኝ ነበር። ኮይል ለካንዴላ እሳት የሚሰጠው ዕቃ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ አለው። ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ዋጋ ጠይቃችሁ የምታውቁ ይገባችኋል።

ይሄኛው ታፔላ የለውም፤ በሩ ላይ አሮጌ ጎማ ተደርድሮ ታያላችሁ። ግቢው ጠባብ ነው፣ ዝናብ ሲጥል ጭቃ በጭቃ ነው። ለግቢው ከአምስት ሁለት።

ከቴክኒክና ሙያ ለልምምድ የመጣ ልጅ የብልሽት ኮድ የሚያነበውን ስካነር ሰካ። ፒ0302 አለ፤ ሁለተኛው ሲሊንደር በደንብ አያቀጣጥልም ማለት ነው። ለምን እንደሆነ ግን ኮዱ አይናገርም። ካንዴላም፣ ኮይልም፣ ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክተርም ሊሆን ይችላል። ጋሼ፣ የጋራዡ ባለቤት፣ «የሁለተኛውን ኮይል ከሦስተኛው ጋር አቀያይረው» አሉት። ኮዱን አጥፍቶ ሞተሩን አስነሳ። ትንሽ ጠበቁ።

«አሁንስ ምን ይላል?»

«ፒ0303። ወደ ሦስተኛው ሄደ፣ ጋሼ።»

«እና ሌባው ማነው?»

ልጁ ሳቀ። ችግሩ ኮይሉን ተከትሎ ስለሄደ ጥፋተኛው ኮይሉ ነው። አንድ ኮይል ገዝቼ መጣሁ፣ አለቀ።

ጋሼ ራሳቸው ቶሎ ሊገላገሉት ይችሉ ነበር። ግን ልጁ እንዲነካው ነው የፈለጉት። ኤሌክትሪሺያኑም ጎሚስታውም ሥራቸውን ጥለው አንገታቸውን አስግገው ያዩ ነበር። «ና ላስተምርህ» ያለ የለም። ጋሼም በተራቸው መነጽራቸውን አድርገው «ቅድም የትኛውን ነው የነካኸው?» እያሉ ስካነሩን ከልጁ ሲለምዱ አይቻለሁ። በዚያ ዕድሜ፣ በሠራተኞቻቸው ፊት!

ለደንበኛ ምን ይጠቅማል ካላችሁ፣ የኋላ ጎማ እየጮኸ ስመለስ ጋሼ አልነበሩም። ሌላ ቦታ ቢሆን «ነገ ና» እባል ነበር። አንዱ ረዳት መኪናዋን በክሪክ አንስቶ ጎማውን በእጁ አሽከረከረና ልክ እንደሳቸው ጆሮውን አስጠጋ። «የፍሬን ሸራ አይደለም፣ ኩሽኔታ ነው» አለ። እውነትም ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ነበር።

ችግሩ መዘግየቱ ነው። አንዱ ብሎን ይፈታል፣ ይታሰራል፣ ሌላው እንዲያይ እንደገና ይፈታል። ከሰዓት ቀጠሮ ካላችሁ አትሂዱ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ድረሱ፣ ዕቃውን ራሳችሁ ግዙ፣ መኪናዋን ከማውጣታችሁ በፊት ደግሞ ጋሼ አንዴ እንዲነዷት ጠይቁ። ቅር አይላቸውም።