ጳጉሜን የማያውቀው ዘላለማዊ ካላንደር

አይደብሊውሲ የተባለው የስዊዘርላንዷ ሻፍሃውዘን ከተማ ሰዓት ሠሪ እ.ኤ.አ. በ2024 በአዲስ መልክ ያወጣው ፖርቹጊዘር ፐርፔቹዋል ካላንደር 44 የተባለ የእጅ ሰዓት ባትሪ የሚባል ነገር የለውም። እንዲያም ሆኖ ቀኑን፣ የሳምንቱን ዕለት፣ ወሩን፣ ዓመቱን በአራት አሃዝ፣ የጨረቃን መሙላትና መጉደል ያሳያል። ለስንት ቀን የሚሆን ጉልበት እንደቀረውም ይናገራል። ፌብሩዋሪ 28 ላይ ያበቃ ወይም 29 ይግባ ራሱ ያውቃል። ዋጋው ከ40 ሺህ ዶላር በላይ ስለሆነ ፒያሳ ወርደው ተከራክረው የሚገዙት ዕቃ አይደለም። ሰዓት የሚወድ ሰው ግን ሳይገዛውም ቢያወራለት አያስነቅፈውም። እዚህ የምንመዝነው ጎንደር ላይ ለሚያስረው ሰው ምን ያህል ይሆነዋል በሚለው ነው፤ መልሱ ከፊሉ ያስደንቃል፣ ከፊሉ ፈገግ ያሰኛል።

በመጀመሪያ ውስጡን እንይ። የሰዓት ሰዎች ከሰዓት፣ ከደቂቃና ከሰኮንድ አልፎ የሚሠራውን ማንኛውንም ተጨማሪ ነገር ኮምፕሊኬሽን ይሉታል። ዘላለማዊ ካላንደር (ፐርፔቹዋል ካላንደር)፣ ማለትም የወራቱን ርዝመት ራሱ የሚያውቀው፣ ከከባዶቹ አንዱ ነው። በአብዛኞቹ ውስጥ ዋናዋ ክፍል በ4 ዓመት አንዴ የምትዞር፣ ጠርዟ 48 ቦታ ላይ የተቆረጠ መዘውር ናት። እያንዳንዱ ቁርጥ የአንድ ወር ነው። የ31 ቀን ወር ቁርጡ ከፍ ያለ፣ የ30 ቀኑ ዝቅ ያለ፣ የፌብሩዋሪው ከሁሉም የጠለቀ ነው፤ ከአራቱ ፌብሩዋሪዎች የአንዱ ብቻ ትንሽ ከፍ ይላል፣ 29 ቀን ያለው እሱ ነውና። ወር ሲያልቅ አንዲት ምላስ ቁርጡ ውስጥ ትገባለች፤ የገባችበት ጥልቀት የቀኑ መዘውር ስንት ጥርስ እንደሚገፋ ይወስናል። ከ28 ወደ 1 ለመሻገር 29ን፣ 30ንና 31ን መዝለል አለባት። ትልቁ ዝላይዋ ይኼው ነው።

አይደብሊውሲን ከሌሎቹ የለየው የኩባንያው ባለሙያ ኩርት ክላውስ እ.ኤ.አ. በ1985 ዳ ቪንቺ ለተባለው ሰዓት የሠራው ካላንደር ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት አብዛኞቹ በሰዓቱ ጎን በመርፌ ጫፍ የሚነኩ ትንንሽ ጉድጓዶች ነበሯቸው፤ አንዱ ለቀን፣ አንዱ ለወር፣ አንዱ ለጨረቃ። ክላውስ ሁሉንም ክፍሎች እርስ በርስ አያይዞ በአንድ መሙያ (በሰዓቱ ጎን ባለችው የምትዞር ቁልፍ) ብቻ እንዲስተካከሉ አደረገ። ጥሩነቱ ዕለቱና ቀኑ፣ ወሩና ዓመቱ መቼም አለመለያየታቸው ነው። ጉዳቱም ከዚያው ይመነጫል፤ ካላንደሩ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይሄድም።

ስለዚህ ቆሞ ያገኙትን ሰዓት ሲያስነሡ መቸኮል አያስፈልግም። መሙያውን ሳይስቡ 20 ጊዜ ያህል ያዙሩ፣ ሞላው ይጠብቃል። ቀጥሎ እስከ መጨረሻው ይሳቡና ቆጣሪዎቹን (የሰዓትና የደቂቃ ጠቋሚዎቹን) ወደ ፊት ብቻ ይግፉ፤ ቀኑ ሲቀየር ያ የሰዓቱ እኩለ ሌሊት ነው። ገጹ ላይ 2 ሰዓትን እስኪያልፍ ይቀጥሉ። አሁን መሙያውን ወደ መካከለኛው ቦታ መልሰው ቀኑን አንድ በአንድ ያስገቡ። ዓይንዎ ቀኑ ላይ ይሁን፣ እጅዎ ይዝገም። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ካለፉ መሙያውን እስከ መጨረሻው ስበው ሰዓቱን ያቁሙትና እውነተኛው ቀን እስኪደርስበት ይጠብቁ። በዓመታት ካለፉ ሰዓቱ ወደ ፋብሪካው ይጓዛል። ሌላው የተለመደ ጥፋት ካላንደሩ ሥራ ላይ ሳለ ቀን ማስተካከል ነው። እንዲህ ያሉ ሰዓቶች በገጹ አቆጣጠር ከእኩለ ሌሊት 4 ሰዓት በፊት ጀምረው እስከ 2 ሰዓት በኋላ ጥርሶቻቸው ተያይዘው ይቆያሉ። በዚያ መሐል መሙያውን የሚያጣድፍ ሰው ምላሷን ያጣምማል ወይም ጥርስ ይሰብራል።

አሁን ወደ ጎንደር እንምጣ። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር መሙላት ይቻላል ወይ? ይቻላል፤ እንዲያውም ያምርበታል። ከፈረንጁ ሰዓት 6 ሰዓት ወደ ኋላ አድርገው ሲያስገቡት ሁለቱ ቆጣሪዎች ጧት በ12 ሰዓት 12 ላይ ይገጥማሉ፤ ቀኑም የሚገለበጠው ያን ጊዜ ነው። ቀን ከንጋት ይጀምራል ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ ሥርዓት የለም። ቀን ማስተካከል የሚከለከልበት ጊዜ ግን አብሮ ይዞራል፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ጧቱ 2 ሰዓት መሙያውን አይንኩ። አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ አለ። ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ሰዓቱ የሚያሳየው የፈረንጅ ቀን በአንድ ወደ ኋላ የቀረ ይሆናል። ሌሊት ተረኛ የሆነ ሐኪም ወይም ከአዘዞ ማልዶ የሚበር መንገደኛ ወረቀት ላይ ቀን ሲጽፍ ይህን ያስብ።

ካላንደሩ ግን ወደ እኛ አይመጣም። ወሮቹ በእንግሊዝኛ ምህጻር የተጻፉ መሆናቸው ቀላሉ ነገር ነው። ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር አስገባለሁ ያለ ሰው ሰዓቱ 31 ባለ ቁጥር ያን ቀን ሲዘል ዕለቱ አብሮ ይዘልበታል፤ ሰኞው ማክሰኞ ሆኖ ያርፋል። ክላውስ ሁሉንም ማያያዙ እዚህ ላይ ጠላት ይሆናል። ሰዓቱን የገዛ ሰው ቀኑን ለፈረንጁ ይተውለት።

የሚያስቆጨው የኛ አቆጣጠር ለመካኒክ የተመቸ መሆኑ ነው። 12ቱ ወራት እኩል 30 ቀን ናቸው፤ 48ቱን ቁርጥ በአራት ልዩ ልዩ ጥልቀት መቁረጥ አያስፈልግም። የ4 ዓመቱ ዙር ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ ተብሎ ከተሰየመ ቆይቷል፤ ጳጉሜን 6 የምትሆነው በሉቃስ መጨረሻ ነው፣ በ2015 እንደሆነች ሁሉ በ2019ም ትሆናለች። ከሁሉም በላይ የመቶ ዓመት ጣጣ የለብንም። የፈረንጆች አቆጣጠር በ400 ዓመት ውስጥ 3 ጊዜ ሠግረ ዓመትን (ፌብሩዋሪ 29 ያለውን ዓመት) ያስቀራል፤ ስለዚህ ይህ “ዘላለማዊ” የተባለ ሰዓት እ.ኤ.አ. በ2100 ማርች 1 ቀን 29 ብሎ ተሳስቶ ይገኛል፤ ያን ቀን አንድ ሰው በእጁ ሊገፋው ግድ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሠራ ቢሆን ኖሮ ቀኑ ሳይነካው ያልፍ ነበር። እንግዲህ የልጅ ልጆቻችን ከዚያ ዓመት ጀምሮ እንቁጣጣሽን ሴፕቴምበር 12 ላይ ያውላሉ፣ በየ4 ዓመቱም 13 ላይ።

ከባዱ ጳጉሜን ነው። 5 ላይ ቆሞ ወደ 1 ለመመለስ መዘውሩ ወደ ፊት ከ25 ጥርስ በላይ መዝለል አለበት፤ 3 ቀን ለመዝለል እንኳ ሞላው ሲደክም የሚታይበትን ሥራ ይህን አሸክሞ ማሠራት አይቻልም። ብልህ ሠሪ ለጳጉሜን የራሷን ትንሽ ቆጣሪ ይሰጣታል እንጂ ከ30ው ጋር አያሰልፋትም። ሊሠራ የማይችል ነገር ግን አይደለም። ሰዓት ሠሪዎቹ ብላንፔን የቻይናን አቆጣጠር፣ ፓርሚጃኒ የሂጅራን አቆጣጠር በእጅ ሰዓት ውስጥ አስገብተዋል፤ ሁለቱም ከኛ ይልቅ የተወሳሰቡ ናቸው።

በኢትዮጵያ ቀን የሚሄድ መካኒካል ሰዓት ዛሬውኑ የሚፈልግ ሰው ዓይኑን ወደ ርካሹ ያዙር። ርካሽ ስንል ከ4 ሺህ ዶላር በላይ ነው፣ ግን ከዚህኛው ጎን ሲቆም ርካሽ ነው። ቱዶር ብላክ ቤይ ጂኤምቲ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፣ 41 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 70 ሰዓት የሚሄድ ጉልበት ያለው ነው። የሰዓት ቆጣሪው ደቂቃውን ሳያስቆም በአንድ ሰዓት እርምጃ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይዘላል፤ ቀኑም አብሮት ይሄዳል። ዋናዎቹን ቆጣሪዎች በኛ ሰዓት፣ በ24 ሰዓት የሚዞረውን ቀዩን ቆጣሪ በፈረንጅ ሰዓት ማስገባት ነው፤ ጉዳዩ አለቀ። በየወሩ መባቻ 31 ሲመጣ የሰዓት ቆጣሪውን ሁለት ዙር ወደ ፊት ማዞር ብቻ ያስፈልጋል። እንቁጣጣሽ ጧት 6 ብሎ ሲያገኙት ወደ ኋላ 10 ዙር፤ ጳጉሜን 6 በሆነች ዓመት ደግሞ 7 ይላልና 12 ዙር። የሳምንት ዕለት ስለሌለው የሚበላሽ ነገር የለም። በዓመት 13 ማስተካከያ ለሰነፍ ሰው ይበዛ ይሆናል፤ ሰዓት ወዳድ ግን ምክንያት ፈልጎም መሙያ የሚነካ ነው።

ፖርቹጊዘሩ ገንዘቡን የሚያስቆጥረው በጨረቃው ነው። በተለመዱት ሰዓቶች የጨረቃዋ መዘውር 59 ጥርስ አላት፤ ሁለት ወር በ29 ቀን ተኩል ማለት ነው። እውነተኛው የጨረቃ ወር ከዚያ በ44 ደቂቃ ያህል ስለሚረዝም በ2 ዓመት ከ8 ወር ገደማ አንድ ቀን ይሳሳታል። ይኼኛው አንድ ቀን የሚሳሳተው በ577 ዓመት ተኩል ነው። የባሕረ ሐሳብ (የቤተ ክርስቲያን ዘመን አቆጣጠር) ሰው የሚያደንቀው እዚህ ላይ ነው። የ19 ዓመቱ ንዑስ ቀመር 235 የጨረቃ ወራትን ከ19 የፀሐይ ዓመታት ጋር ሲያጋጥም ከ300 ዓመት ትንሽ አለፍ ሲል አንድ ቀን ይንሸራተታል። አንድ የእጅ ሰዓት ከዚያ በእጥፍ ገደማ መጠንቀቁ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ጨረቃው በባሕረ ሐሳብ ቁጥሮች፣ በአበቅቴና መጥቅዕ፣ ከተቆጠረው ሌሊት ጋር አልገጠመም ብሎ ሰዓቱን የሚከስ እንዳይኖር፤ የድሮው ቀመር በተጠራቀመው ልዩነት ከሰማይዋ ጨረቃ ዛሬ ከ4 እስከ 5 ቀን ገደማ ይዘገያል። ሰዓቱ የሚከተለው የሰማይዋን ነው።

ገጹ ላይ ሁለት ጨረቃ አለ፤ አንዱ ለሰሜኑ፣ አንዱ ለደቡቡ የምድር ክፍል። ለኛ ሁለቱም ልክ አይሆኑም። ጎንደር ከምድር ወገብ 12 ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ስለምትርቅ አዲስ ጨረቃ ብዙ ጊዜ እንደ ጣና ታንኳ በጀርባዋ ተኝታ ነው የምትታየው፤ ሰዓቱ ግን በጎኗ ያቆማታል። መጠኗን ይመኑት፣ አቀማመጧን ይለፉት።

ስለ ዕለት ተዕለቱ ጥቂት እንበል። ስፋቱ 44.4 ሚሊ ሜትር ነው። የጎንደር ሰው 44 የሚለውን ቁጥር ቢወድም ቀጭን እጅ ላይ ከሸሚዝ እጅጌ ሥር አልገባ ይላል። ወርቅ ስለሆነ ይከብዳል። ገጹ 15 ጊዜ በቀጫጭን ላከር የተቀባ ነው፤ የከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት ጥልቀቱ ይታያል፣ በተለይ የአሸዋ መልክ ያለው። 52616 የተባለው ሞተሩ በሰኮንድ 8 ጊዜ ይመታል፤ ሞላ የሚጠቀለልባቸው ሁለት በርሜሎች ስላሉት አንዴ ከሞላ 7 ቀን ይሄዳል። ይህ ለኛ ከሚመስለው በላይ ጥቅም አለው። ሰዓት የሚያሽከረክር የኤሌክትሪክ ሳጥን መግዛት አያስፈልግም፤ መብራት ቢጠፋም ካላንደሩ አይቆምም። እጅ ላይ ሲሆን ራሱን የሚሞላው አልበርት ፔላቶን እ.ኤ.አ. በ1950 ባመጣው ዘዴ ነው፤ በጣም የሚፋተጉት ክፍሎቹ ዛሬ ከሴራሚክ ስለሚሠሩ እንደ ብረቱ አያልቁም።

በጥምቀት ወደ ፋሲል መዋኛ ይዘውት አይውረዱ። ጠብታ ይችላል፤ ጸበሉ ሲረጭና ወጣቱ ዘሎ ሲገባ በባልዲ የሚመጣው ግን ሌላ ነው፤ የአዞ ቆዳ ማሰሪያውም አንዴ ከራሰ ይደርቅና ይሰነጠቃል። 200 ሜትር የሚችለውና መሙያው በጥርስ የሚዘጋው ቱዶር ለዚያ ቀን ይሻላል።

ሰዓቱ ድንገት በቀን ደቂቃዎችን ማፍጠን ከጀመረ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማግኔት ነው፤ የስፒከር፣ የስልክ መሸፈኛ፣ የቦርሳ መዝጊያ። እንደ ፀጉር የቀጠነችው ሞላ ስትነካ ጥቅልሎቿ ይጣበቁና ታጥራለች፣ አጭር ሞላ ደግሞ ፈጣን ነው። የስልክ ኮምፓስ ከፍቶ ሰዓቱን ማስጠጋት ይበቃል፤ መርፌው ጭልጥ ብሎ ከዞረ ማግኔት ይዞታል። ማውጫ መሣሪያው ርካሽ ነው፣ ሥራውም ሰኮንዶች ነው። ፈጥኖ ሳይሆን ዘግይቶ ከተገኘ ግን ዘይቱ ደርቋል ወይም ሞላው ደክሟል፤ ያ የባለሙያ ሥራ ነው።

ያገለገለ ለሚገዛ ሰው አንድ ችግር አለ። ዘላለማዊ ካላንደርን መፈተኛው መንገድ በወር መጨረሻ ማሻገር ነው፤ ወደ ኋላ ስለማይመለስ ሻጩ አላስነካም ቢል መብቱ ነው። ስለዚህ 30 ቀን ባለው ወር መጨረሻ፣ ለምሳሌ ሴፕቴምበር 30 ሌሊት፣ አብሮ ቁጭ ብሎ ማየት ነው፤ ንጋት ላይ 31 ካለ ይመልሱለት። ዓመቱ በአራት አሃዝ ስለሚታይ አንድ ዓመት እንኳ ቀድሞ ከሆነ ወዲያው ይታወቃል፤ እንዲህ ያለውን በቅናሽ ተብሎም መግዛት አይገባም።

በ5 ዓመት ገደማ መታጠብና ዘይት መቀየር ይኖርበታል። ይህ በመንገድ ዳር ባትሪ ለሚቀይሩና ሰንሰለት ለሚያሳጥሩ ባለሙያዎች የሚሰጥ ሥራ አይደለም፤ እጃቸው ስለማይችል ሳይሆን መለዋወጫውና መክፈቻው ከፋብሪካው ስለማይወጣ። የጀርባውን ክዳን ለማየት ብቻ እንኳ አያስከፍቱት፤ መስታወት ስለሆነ ሁሉም ነገር ከውጭ ይታያል። ሲላክ ደረሰኙና መታወቂያ ካርዱ እቤት ይቅር፣ ቅጂያቸው ይሂድ። ሲመለስም ከፋብሪካ የወጣበት ቀን ከጎንደሩ ቀን ወደ ፊት አልፎ እንዳይሆን ሳጥኑን እንደከፈቱ ማየት ያስፈልጋል፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በላይ አልፎ ከተገኘ መሙያውን ሳይነኩ በዚያው ሳምንት መመለስ ነው።