የጣት ኦክስሜትር ከአንጀት ኦፕራሲዮን በኋላ፦ ኦክስጅኑን ሳይሆን ፐልሱን እዩ

ይሄን ጣት ላይ የሚሰካ ኦክስሜትር የገዛነው አባታችን አንጀታቸው ተጠማዞ ኦፕራሲዮን ተደርገው ቤት ሲገቡ ነው። የተጠማዘዘው ተቆርጦ ወጥቶ ጫፍና ጫፉ ተሰፍቷል፣ ትልቁ ስጋት ደግሞ ያ ስፌት ሆድ ውስጥ እንዳያፈስ ነው። ሐኪሙ ሲሸኘን "ትኩሳት እስኪመጣ አትጠብቁ፣ ፐልሳቸውንም እዩ" ስላለን በቀጥታ ፋርማሲ ሄድን።

ዕቃው ሁለት ቁጥር ነው የሚያሳየው፣ ሰው ሁሉ የሚያየው ኦክስጅኑን ነው ከኮቪድ ጊዜ ጀምሮ የለመድነው እሱን ስለሆነ፣ እኔ ግን ለዚህ በሽተኛ ዋጋውን ያወጣው ሁለተኛው የልብ ምቱ ነው እላለሁ። ሆድ ውስጥ ኢንፌክሽን ሲጀምር ብዙ ጊዜ ልብ ቀድሞ ይሮጣል፣ ኦክስጅኑ ግን 95 ምናምን ላይ ቁጭ ብሎ ሊቆይ ይችላል፣ ትኩሳቱንም ለህመም የሚወሰደው ፓራሲታሞል ይደብቀዋል። የኛም እንደዛው ሆነ፣ ቴርሞሜትሩ 37 ከምናምን እያለ እሳቸው ጋደም ብለው አርፈው ሳለ ፐልሳቸው ከ110 አልወርድ አለ፣ ሆዳቸው ተነፋ፣ ምግብ አስጠላቸው፣ ደወልን፣ "አሁኑኑ አምጧቸው" ተባልን።

ደም ተወስዶ ሲአርፒ የሚባለው፣ ሰውነት ውስጥ ብግነት ወይ ኢንፌክሽን ሲኖር የሚጨምረው ምርመራ ከፍ ብሎ ተገኘ። ይሄ ቁጥር ከኦፕራሲዮን በኋላ ለማንም ይጨምራል፣ ሁለተኛው ቀን አካባቢ ጣሪያ ነክቶ መውረድ አለበት፣ ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ከ150 (ሚሊግራም በሊትር) በላይ ከቆየ ግን ሐኪሞች ይጠራጠራሉ። ሲቲ ስካን ሲነሱ ስፌቱ አጠገብ መግል ተጠራቅሟል፣ በቱቦ ተቀዳላቸው፣ አንቲባዮቲክ ተሰጣቸው፣ ሆዳቸው እንደገና ሳይከፈት ዳኑ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ቆይተን ቢሆን ኖሮ ማሰቡ ራሱ ያስፈራኛል።

ኦክስሜትሩ ጉድለትም አለው። ጣት ከቀዘቀዘ ወይ የጥፍር ቀለም ካለ ይዘባርቃል፣ ከሽንት ቤት ተመልሰው ወዲያው ከለካችሁ ደግሞ ፐልሱ ከፍ ማለቱ አይቀርም፣ ትንሽ አርፈው ነው መለካት ያለበት። እንደ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ያለ የደም ግፊት ወይ የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ መድኃኒቱ የልቡን ምት ስለሚያዘገየው ፐልሱ ደህና መሰለ ብላችሁ እንዳትዘናጉ በጣም አደራ። ዕቃው ትንፋሽም አይቆጥርም፣ እሱን ደረታቸውን እያያችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ፣ አርፈው እያሉ ከ20 ካለፈ ለሐኪም ይነገር። እህቴ ጠዋት ማታ ደብተር ላይ ትጽፍ ነበር፣ ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ተረኛው ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀን እሱን ነው፣ ምክንያቱም ከአንዱ ቁጥር ይልቅ ከቀን ወደ ቀን እየጨመረ መሄዱ ነው የሚናገረው።

ዋጋው ከፋርማሲ ፋርማሲ በጣም ይለያያል፣ ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቁ። ለኛ ያለ ባትሪ ነው የሸጡልን፣ እናንተ እዛው ባትሪ አስገብታችሁ ጣታችሁ ላይ ሞክሩትና እጃችሁ ላይ ፐልሳችሁን ቆጥራችሁ አመሳክሩት፣ ካልገጠመ ሌላ ያምጡላችሁ።