ለአዲስ በቀቀን የሚሸጠው የጀማሪ ኬጅ፦ ምኑ ይያዝ፣ ምኑ ይጣል

ባጂ ለሚባሉት ትንንሽ በቀቀኖች ከነዕቃው የሚሸጠው የጀማሪ ኬጅ (የሽቦ ቤት) በከፊል ጥሩ ነው። በሽቦዎቹ መካከል ያለው ክፍተት 12 ሚሊሜትር አካባቢ መሆኑ ትክክል ነው፤ ከዚያ ከሰፋ ወፏ ጭንቅላቷን አሾልካ ልትታነቅ ትችላለች።

ትልቁ ድክመቱ በሩ ነው። ወደ ላይ የሚንሸራተት ጠባብ በር አንገቷ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ከዚያም ይብሳል፦ ያልተገራች ወፍ መውጫዋን የሚደፍን እጅ አዳኝ ሆኖ ይታያታል። እጅ መቆሚያ ይዞ እንደ ልብ የማይገባበት ኬጅ ለመግራት አይመችም።

ከኬጁ ጋር የሚመጡት ሁለቱ እኩል ውፍረት ያላቸው የመቆሚያ ዱላዎች የእግሯን አንድ ቦታ ብቻ እየተጫኑ ቁስል ያመጣሉ። ውፍረቱ ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር በሚለዋወጥ፣ ኬሚካል ባልነካው ቅርንጫፍ ይተኩ። የአሸዋ ወረቀት ሽፋኑንም ያስወግዱት፤ እግር ይልጣል እንጂ ጥፍር አይሞርድም። መስታወቱም ይውጣ፤ ከምስሏ ጋር የተላመደች ወፍ ለሰው ግድ አይኖራትም።

መመሪያው ስለ መጀመሪያዎቹ ቀናት ዝም ማለቱ ያሳዝናል። ኬጁ አንድ ጎኑ ግድግዳ ተደግፎ፣ ከማዕድ ቤት ርቆ ይቀመጥ፤ ከመጠን በላይ የጋለ የማያጣብቅ መጥበሻ ጭስ ወፍ ይገድላል። ለ3 ወይም 4 ቀን ምግብና ውኃ ከመቀየር በቀር አይንኳት። እርስዎ አጠገቧ ተቀምጠው ሳለ መብላት ስትጀምር በሽቦው በኩል ፍሬ ያቅርቡላት። ላባዋን አጣብቃ ወደ ኋላ ካዘነበለች ግን እጅዎን ቀስ ብለው ይመልሱ።